የብስኩት ቆርቆሮው፦ አንቲባዮቲክን ራስንም ጎረቤትንም ሳይጎዱ ለመጠቀም

እናቴ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ብስኩቱ ካለቀ ብዙ ዓመቱ ነው። አሁን ውስጡ ያለው መድኃኒት ነው። ግማሹ ተውጦ የቀረ አሞክሳሲሊን፣ አራት ፍሬ ሲፕሮ፣ ለማን እንደታዘዘ የተረሳ ሽሮፕ። ጉሮሮውን ያመመው፣ ድዱ ያበጠበት፣ ሆዱን የቆረጠው ጎረቤት ሁሉ የሚመጣው ወደዚያ ቆርቆሮ ነው። እናቴ ደግሞ ደግ ናት፤ "ያቺን ቀይና ቢጫዋን ሁለት ፍሬ ዋጥባት" ትላለች።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን እኔም አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ሸጫለሁ። ሰው ከፊቴ ቆሞ ሲለምነኝ እምቢ ማለት ይከብደኝ ነበር፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግማሽ ቀን ከሚሰለፍ እዚሁ ልርዳው እል ነበር። ዛሬ ያ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን፣ በየቤታችን በየሳምንቱ የምንወስናትን አንዲት ትንሽ ውሳኔ ደረጃ በደረጃ ለማሳየት ነው።

ለምን እንደምጨነቅ ቶሎ ልንገራችሁ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ይገድላል። ያለ ቦታው ሲወሰድ ወይም ጎዶሎ ሲወሰድ ደካሞቹ ይሞቱና ጠንካሮቹ ይቀራሉ፣ ይራባሉ። መድኃኒቱን የለመደው ጀርም ደግሞ እናንተ ሰውነት ውስጥ ብቻ አይቀመጥም። በእጅ፣ በውሃ፣ በምግብ ወደ ሌላው ይሄዳል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሰው በራሱ ጊዜ ትንሽ ትንሽ እየወሰደ ጀርሙን ያስለምዳል ብሎ። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞተ ተገምቷል። ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ ከሁሉም በላይ ተጎጂ ናት። በደም ኢንፌክሽን ሆስፒታል የገባ የሦስት ቀን ጨቅላ መርፌው አልሠራ ሲለው፣ ያንን ጀርም ማን እንዳስለመደው ማንም አያውቅም። ሌላው መድኃኒት የሚጎዳው የዋጠውን ሰው ነው። አንቲባዮቲክ ግን ያልዋጠውንም ይጎዳል።

መጀመሪያ፦ ሕመሙ ምንድን ነው?

ፋርማሲ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ይህን ጠይቁ። ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ የጉሮሮ መከርከር፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ከሆነ ጉንፋን ነው። ጉንፋን የቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን ቫይረስን አይነካውም፣ ምንም አያደርገውም። "ንፍጡ ቢጫ ሆነ፣ እንግዲህ ኢንፌክሽን ገብቶበታል" የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። የንፍጡ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጉንፋን እየቆየ ሲሄድ ንፍጥ ይወፍራል፣ ቀለሙም ይለወጣል። እረፍት፣ ትኩስ ነገር፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዝንጅብል በማር እናቶቻችን የሚያፈሉት ለጉሮሮ ጥሩ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አትስጡ።

ሳሉ ሌላው ከለቀቀ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ፋርማሲ አትምጡ፣ የቲቢ ምርመራ አድርጉ። በመንግሥት ጤና ተቋማት ምርመራውም ሕክምናውም ነፃ ነው።

ጉሮሮ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ "አንቲባዮቲክ አትውሰዱ" ብቻ ማለት ስህተት ነው። ዕድሜው ከ5 እስከ 15 የሆነ ልጅ ድንገት ጉሮሮውን ካመመው፣ ካተኮሰው፣ አንገቱ ሥር ያሉት እጢዎች ካበጡ፣ ሳልና ንፍጥ ግን ከሌለው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ከጊዜ በኋላ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸውን ሕመም ሊያመጣ ይችላል፣ በአገራችን ደግሞ ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ርካሽ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ነው፣ ግን መርምሮ የሚሰጠው ባለሙያ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ምንም አይፈይድም፤ የሚያመጣው መድማትና ሌላ ኢንፌክሽን ነው፣ እባካችሁ ይቅር።

ተቅማጥ ከሆነስ? አብዛኛው ውሃ ውሃ የሚል ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ልጅ የሚሞተው ፈሳሽ ሲያልቅበት ነው። ኦአርኤስ ግዙ፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ (ከረጢቱ ላይ ሌላ መጠን ካልተጻፈ) ይበጠበጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል። ለልጅ ዚንክም ይጨመርለታል፦ ከ6 ወር በላይ ለሆነ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ 10፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ ይቀጥላል። ጡት የሚጠባ ልጅ መጥባቱን አያቁም። ደም ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ቶሎ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከፈዘዘና አልነቃ ካለ፣ ያን ሌሊትም ቢሆን ተነሡ። የሚያስል ልጅ ካለ ደግሞ ትንፋሹን ቁጠሩ። ይህን ለሁሉም እናት ብነግር ደስ ይለኛል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም ቶሎ ውሰዱት። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ያኔ አሞክሳሲሊን ሕይወት ያድናል። አያችሁ፣ ያለ ነገሩ አትውሰዱት የምለው ለዚህ ቀን እንዲሠራልን ነው።

"ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ"

ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ደከመኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ ቁርጥማት ያዘኝ ብሎ ክሊኒክ የገባ ሰው ግማሹ ይህን ይዞ ይወጣል። ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያይም፤ ሰውነታችን የሠራውን የመከላከያ ምልክት ነው የሚያየው። ያ ምልክት ድሮ ታማችሁ ከነበረ ሊቀር ይችላል፣ በሌላ ሕመምም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ "ፖዘቲቭ" መባል ብቻውን ታይፎይድ አለባችሁ ማለት አይደለም። በዓመት ሦስት ጊዜ ታይፎይድ የታከመ ደንበኛ ነበረኝ፣ በመጨረሻ የተገኘበት ሌላ ነገር ነው።

ታይፎይድ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ አደገኛም ነው። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ግን በአክብሮት ጠይቁ፦ "ዶክተር፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል? ወባስ ታይቷል? የደም ካልቸር ማሠራት ይቻላል?" በሉ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። ካልቸር ማለት ባክቴሪያውን ራሱን ከደማችሁ አብቅሎ የሚያይ ምርመራ ነው፤ የሚሠራላችሁ ከሆነ ደግሞ ናሙናው እስኪወሰድ ምንም አንቲባዮቲክ አትዋጡ፣ ውጤቱን ያበላሸዋል። በጠና የታመመ ሰው ግን ውጤት እስኪደርስ ይጠብቅ ማለቴ አይደለም፤ ያን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ፋርማሲ መስኮት ላይ

ማዘዣውን ይዛችሁ መጣችሁ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ከኋላችሁ ሰው ቢሰለፍም ሦስት ደቂቃ የእናንተ ናት።

የመድኃኒቱን ስም አስነግሩ፣ በየስንት ሰዓቱ እና ለስንት ቀን እንደሆነ በአማርኛ ካርቶኑ ላይ አጽፉ። ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን አሳክኳችሁ ወይም ፊታችሁን አሳብጧችሁ የሚያውቅ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነም እንዲሁ፤ ለምሳሌ ቴትራሳይክሊን ለእርጉዝ ሴትና ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፣ የልጁን ጥርስ ያበላሻል።

ከዚያ የማብቂያ ቀኑን እዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካርቶኑ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. "03/2025" የሚል መድኃኒት ያየ ሰው ገና 8 ዓመት ይቀረዋል ብሎ ያስቀምጠዋል፣ እሱ ግን ካለፈበት ሁለት ወር ሆኖታል። እናቴ ቆርቆሮ ውስጥ እንዲህ የተቀመጠ ስንት አግኝቻለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። "እህቴ፣ ገንዘብ አልሞላልኝም፣ ግማሹን ስጪኝ" የሚሉኝ አሉ። ያማል። ሰውየው ሞኝ አይደለም፣ ኪሱን ነው ያየው። እንዲህ ሲገጥማችሁ ዝም ብላችሁ ግማሽ ገዝታችሁ አትሂዱ፣ እውነቱን ተናገሩ። ተመሳሳይ መድኃኒት በሌላ የፋብሪካ ስም በርካሽ ሊኖር ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የከነማ ወይም የቀይ መስቀል ፋርማሲ ዋጋ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ የታዘዘው መድኃኒት ይሸፈን እንደሆነ ጤና ጣቢያው ላይ አረጋግጡ። ሁሉም ካልሆነ ወደ ሐኪሙ ተመልሳችሁ "ይህን አልቻልኩም" በሉት፤ አቅማችሁን ያገናዘበ ሌላ ሊያዝላችሁ ይችላል። ጎረቤት ወይም ዘመድ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ለታመመ ሰው ብርቱካን ይዛችሁ ከምትሄዱ የቀረውን የመድኃኒት ዋጋ ሙሉለት።

ሰዓቱን መጠበቅ

"በቀን 3 ጊዜ" ማለት ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ማለት አይደለም። በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው። ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ሙሉ። በየ12 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ላይ መሆኑ ይቀላል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ይህን ከመጀመሪያው ለሐኪሙ ንገሩ። በቀን ሁለቴ ወይም አንዴ የሚወሰድ ሊመርጥላችሁ ይችላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናቶች የጠዋቱን ዘልለው ከሰዓት ሁለት በአንዴ ሲውጡ አይቻለሁ። እንዲህ አይሆንም። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ሕመምተኛን ያስገድዳሉ ብዬ አላስብም። በእስልምናም ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። ጠበል የምትሄዱም ብትሆኑ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለቲቢውም ለሌላውም ያው ነው።

ሲፕሮና ቴትራሳይክሊን በወተት አይወሰዱም፣ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ሜትሮኒዳዞል ላይ ሳላችሁ ጠላም ጠጅም ቢራም ይቅርባችሁ። ለልጅ ሽሮፕ የሻይ ማንኪያ አትጠቀሙ፣ የየቤቱ ማንኪያ ልዩ ልዩ ነው፤ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ስጡ። ዱቄት ሆኖ የሚሸጠው ሽሮፕ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም ይቅር። ቁስል በንጹሕ ውሃና ሳሙና ይታጠባል፣ ካልዳነ ይታያል።

በሦስተኛው ቀን ይሻላችኋል። ያኔ ነው ሰው የሚያቋርጠው። የታዘዘላችሁን ቀን ያህል ውሰዱ፣ አታሳጥሩ፣ አታስረዝሙ። የሚከብድ ነገር ካለ ወይም ማቆም ከፈለጋችሁ በራሳችሁ አትወስኑ፣ ያዘዘውን ባለሙያ ጠይቁ። ሰውነታችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወዲያው አሳውቁ። ከንፈራችሁ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ መድኃኒቱን አቁማችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ጎረቤት ሲጠይቃችሁ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። በእኛ ባህል ያለውን የሚነፍግ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። አንድ ቀን እናቴ ቤት ሳለሁ ጎረቤታችን ልጃቸው እያሳለ መጡ።

"እትዬ፣ ያቺ እንክብል አለች?"

እናቴ ወደ ቁም ሳጥኑ ተነሣች። እኔ ቀደምኳትና "እማማ፣ ልጁ የት ነው? ልየው" አልኳቸው። ሄድን፣ ትንፋሹን ቆጠርን፤ አልፈጠነም። ዝንጅብል አፈላን፣ ተጫወትን። በሦስተኛው ቀን ልጁ ኳስ ይጫወት ነበር። እሳቸውም አልተቀየሙኝም። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህንኑ ነው፦ "የለኝም" ብዬ አልዋሽም፣ እምቢ ብዬም በሩን አልዘጋም። ሰውዬውን እጠይቃለሁ፣ ካስፈለገ ጤና ጣቢያ አብሬው እሰለፋለሁ። ፋርማሲስት ባትሆኑም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። አብሮ መሄድ ከሁለት ፍሬ ክኒን የበለጠ ደግነት ነው።

ውጭ አገር ያላችሁም ይመለከታችኋል። ለእረፍት መጥታችሁ ስትመለሱ "እዚያ ያለ ሐኪም አይሸጥም" ብላችሁ አሞክሳሲሊን በሻንጣ የምትይዙ ብዙ ናችሁ። እዚያ ያለ ሐኪም የማይሸጠው በምክንያት ነው። ለቤተሰብም ከምትልኩ ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ ላኩ።

ላም ወይም ዶሮ ካላችሁ

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። የታመመች ላም ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከተወጋች በኋላ መድኃኒቱ ለተወሰኑ ቀናት በወተቷ ይወጣል። ስንት ቀን እንደሆነ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፣ የእንስሳት ሐኪሙም ይነግራችኋል። በእነዚያ ቀናት የታለበውን አትሽጡ፣ ለቤትም ለጥጃም አትስጡ። ገንዘብ ያሳጣል፣ አውቃለሁ። ግን ያንን ወተት የምትገዛው እናት ለልጇ የምታጠጣው ንጹሕ መስሏት ነው። ለዶሮዎችም "እንዳይታመሙ" ብሎ በየጊዜው ውሃቸው ውስጥ ዱቄት መበጥበጥ ይቅር፤ ቤታቸውን ማጽዳትና ክትባታቸውን በጊዜው ማስከተብ ይሻላል።

የሰው ልጅ ክትባትም እንዲሁ ነው። የሳንባ ምች ክትባት ከ2011 እ.ኤ.አ.፣ የሮታ ቫይረስ ተቅማጥ ክትባት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት በነፃ ይሰጣል። ያልታመመ ልጅ አንቲባዮቲክ አይፈልግም።

ዛሬ ማታ ቆርቆሮውን አውርዱ

አሁን ያላችሁን አውጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በሐኪም ታዝዞላችሁ አሁንም የምትወስዱትን፣ የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የአስሙን ለብቻ አስቀምጡ። ፓራሲታሞልና ኦአርኤስ ቀናቸው ካላለፈ ይቆዩ። የተረፈ አንቲባዮቲክ ግን ቀኑ ባያልፍም አይቀመጥም። በቅርባችሁ ያለውን ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ "የተረፈ መድኃኒት ትቀበላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ካልተቀበሉ ክኒኖቹን ከእሽጋቸው አውጥታችሁ ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ቀላቅሏቸው፣ በፌስታል አጥብቃችሁ ቋጥሩና ከቆሻሻው ጋር ጣሉት። ሽንት ቤትና ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ባዶ ካርቶኑንም ቅደዱት።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ተከፍታ ነበር፣ "ለሰው የሚደርስ ነገር ጣልሽብኝ" ብላ። አሁን ቆርቆሮው ውስጥ አምስት ከረጢት ኦአርኤስ፣ ዚንክ፣ ፓራሲታሞል፣ ቴርሞሜትር እና የትንፋሽ ቁጥሮቹን በትልልቁ የጻፍኩበት ወረቀት አለ። ጎረቤቶች አሁንም ይመጣሉ።